ገና ስሟ ያልወጣ ኤሌክትሪክ መኪና እንዴት እንደመረመርኩ

በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ዜሮ ኪሎ ሜትር መኪና የፈለገ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ላይ ነው። እኔ ዓይኔን የጣልኩባት ኤስዩቪ ቻይና ውስጥ ራሱ ከወጣች ዓመት አልሞላትም። ኮሮላ ብትሆን ጎንደር ውስጥ የትኛውም መካኒክ በሽታዋን በቃሉ ይነግረኝ ነበር። ይቺን ግን ከተማው ውስጥ ያመጣት አንድ ሰው ነው፤ እሱም የወንበሯን ላስቲክ ገና አላነሳም።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ባትሪው ነው። ስንት ዓመት ይቆያል? ሲሞትስ ስንት ያስወጣል? ተገቢ ጥያቄ ነው። ሸቭሮሌት ቦልት በባትሪዋ እሳት ምክንያት በ2021 አንድም ሳትቀር ለጥገና ወደ አምራቿ ተመልሳ ተጠርታለች (ከዚህ ጀምሮ የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው)። ግን አምራቾች መኪና መልሰው የጠሩባቸውን ምክንያቶች እያገላበጥኩ ሳነብ፣ አዲስ ሞዴልን መንገድ ላይ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ትንሹ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 እና ኪያ ኢቪ6 በወጡ ማግስት ሽልማት በሽልማት ሆነው ነበር። በ2024 ተጠሩ። ትልቁ ባትሪ ደህና ነው። የተበላሸው ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ የሚሞላው ክፍል ነው፤ እሷ ስትደርቅ መኪናዋ እየሄደች ጉልበት ታጣለች። የቶዮታ ቢዚ4ኤክስ ደግሞ በ2022 ገና ብቅ ስትል የተጠራችው የጎማ ብሎን ይላላል ተብሎ ነው። ቶዮታ፣ ያውም በብሎን!

ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩ። እዚህች አዲስ መኪና ውስጥ እውነት አዲሱ የቱ ነው? የሻጩን ወረቀት ከአምራቹ የቀድሞ ሞዴሎች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። ሞተሯና ባትሪዋ ከታላቅ እህቷ፣ ማለትም ከቀድሞው ሞዴል፣ የተወሰዱ ናቸው። አዲስ የሆኑት የፊት እግሯ፣ ቻርጀሯና ሶፍትዌሯ ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አንዲት መኪና ቻይና ውስጥ አንድ ስም፣ ውጭ ሌላ ስም ይኖራታል። የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ውጭ አገር አቶ 3 ናት። አንዱን ስም ብቻ ይዞ የፈለገ ሰው የአውስትራሊያ ነጂዎችን ምሬትም ምስጋናም አያገኘውም።

የሻንሲ ቁጥሩንም አየሁ። 10ኛው ፊደል የሞዴሉን ዘመን ይናገራል፤ አር 2024፣ ኤስ 2025 ነው። ፋብሪካ የመጀመሪያውን ዙር ስህተት የሚያርመው በኋለኞቹ ላይ ስለሆነ ለእኔ ቁምነገር ነበር።

ባለ ላስቲኩ ሰውዬ ደግ ነው፣ መኪናዋን አንድ ከሰዓት ሰጠኝ። መጀመሪያ አዘዞ ያለ ጋራዥ ወስጄ ሊፍት ላይ አወጣኋት። ወጣቱ መካኒክ ሆዷን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አደረገና “ጋሼ፣ ይሄኮ ብረት አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው” አለኝ። ድምፁ ባዶ ነው። ከባትሪው ሽፋን ፊት ለፊት ጣቴን የሚያስገባ ጭረት ነበረበት፤ ባለቤቱ መቼ ድንጋይ እንደነካት አያውቅም። እንግዲህ ይህ የአስፋልት መኪና ነው፣ መልኳ ምንም ያህል የገጠር ቢመስል።

ከዚያ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ጎሃ ድረስ ወጣሁ። ጎንደር ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። የነዳጅ ሞተር እዚህ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ኤሌክትሪክ ግን አየር አይፈልግም፣ ዳገቱን እንደ ሜዳ በላችው። ኮብልስቶን ላይ ሬዲዮውን ዘግቼ መስኮቱን ከፈትኩ። መሪውን ሙሉ በሙሉ ሳዞር የግራ እግሯ ቀጭን ድምፅ ታሰማለች። ያቺ አዲሷ የፊት እግር ማለት ነው። ጻፍኩት።

የሚያስደነግጥ ሁሉ ብልሽት አይደለም። ባለቤቱ “ጠዋት ጠዋት ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ ይሰንፋል” ብሎኝ ነበር። ማታ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ስለሚያሳድራት ነው። ሞተሩ እግር ከመንጃ ፔዳሉ ላይ ሲነሳ መኪናዋን የሚይዘው ኃይሉን ወደ ባትሪ እየመለሰ ነው፤ ባትሪው ከሞላ መመለሻ ቦታ የለውም። የእግር ፍሬኑ ጤነኛ ነው። ቻርጀሯ ቀይ መብራት እያበራ እምቢ ያለውም እንዲሁ፣ ቤቱ ኤርዝ (መሬት ውስጥ የሚቀበር የመከላከያ ሽቦ) አልነበረውም። ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ካስቀበረ በኋላ ሠራ።

የቀረው ሻጩ ነበር። ብዙ አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ይህ ግን የሚሠራው ራሳቸው በሚሸጡበት አገር ነው፤ በግል አስመጪ የገባችውን ላያውቋት ይችላሉ። “ስትበላሽ ኮምፒውተር ሰክቶ የሚያያት ማነው? ሶፍትዌሯንስ ማን ያድሳል?” አልኩት። “ኧረ ወንድሜ፣ ምንም አትሆንም!” አለኝ። በጽሑፍ ስጠኝ ስለው ስልክ ተደወለለት።

ታላቅ እህቷን ገዛሁ። ዋጋዋ ቀነስ ይላል፣ ሶፍትዌሯ እንግሊዝኛ ይችላል፣ አዲስ አበባ ውስጥ መለዋወጫዋን የሚያስመጣ ሰው አለ። ከመክፈሌ በፊት የፊት ክዳኗን አስከፍቼ የ12 ቮልት ባትሪዋን አየሁ። አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ሊቲየም ነው የሚይዙት፤ ቢሞት ሱቅ ገብተህ አትተካውም። የኔዋ ተራ የአሲድ ባትሪ ናት። ልኳን ፎቶ አንስቼ ፒያሳ ያለ ባትሪ ሻጭ ጋ ሄድኩ፤ መደርደሪያው ላይ ነበረው።