የትምህርት ቦርድ ወንበርና የሜይ ወር ማክሰኞ

በኒውዮርክ ግዛት፣ ከአምስቱ ትልልቅ ከተሞች ውጪ ባሉት የትምህርት ዲስትሪክቶች፣ የትምህርት ቦርድ ምርጫ የሚካሄደው ፕሬዚዳንት በሚመረጥበት በኖቬምበር ሳይሆን በሜይ ወር ሦስተኛው ማክሰኞ ነው። በዚያው ዕለት ነዋሪው የቦርድ አባላትን ከመምረጡም በላይ የመጪውን ዓመት የትምህርት በጀት ያጸድቃል ወይም ይጥላል። በዲስትሪክታችን ቦርድ ውስጥ ጥርሳቸውን የነቀሉ አንዲት ጎረቤቴ በተደጋጋሚ ሲወዳደሩ በቅርብ ተመልክቻለሁ፤ በአንዳንዱ የምርጫ ዘመቻቸውም በራሪ ወረቀት በማደል አግዣለሁ። በየጊዜው ተፎካካሪ ይቀያየርባቸዋል እንጂ ዋናው ፈተናቸው በጀቱ እንደሆነ የተረዳሁት ያኔ ነው።

ቦርዱ ከሀገር ቤቱ ወመህ (የወላጅ መምህራን ኅብረት) ጋር መምታታት የለበትም። የዲስትሪክቱን ዋና ኃላፊ የሚቀጥር፣ ከመምህራን ማኅበር ጋር የሚደረገውን የሥራ ውል የሚያጸድቅና በጀቱን ለመራጩ የሚያቀርብ አካል ነው። የአባላቱ የሥራ ዘመን እንደየዲስትሪክቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ሲሆን ደመወዝ የለውም። ማታ ማታ የሚደረገው ስብሰባ እስከ እኩለ ሌሊት ሊዘልቅ ስለሚችል፣ አንድ ሰው ይህን ሥራ ለተደጋጋሚ ዘመን ለምን እንደሚፈልገው መራጩ መጠየቁ አይቀርም፤ ተገቢም ጥያቄ ነው።

ለመወዳደር የሚያስፈልገው የፊርማ ብዛት አነስተኛ ነው፤ በአብዛኞቹ ዲስትሪክቶች 25 ፊርማ ወይም ባለፈው ዓመታዊ ምርጫ ድምፅ ከሰጡት ሰዎች 2 በመቶው፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። ጎረቤቴ ግን ሁልጊዜ ከሚፈለገው እጅግ የበለጠ ፊርማ ይሰበስባሉ። በገበያ አዳራሹ በር ላይ ወረቀቱን በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ቆንጥጠው ይቆሙና፣ ፈራሚው ስሙን ከመጻፉ በፊት የሚኖርበትን መንገድ ይጠይቁታል፤ አጥር ለአጥር የሆነው መንደር የሌላ ዲስትሪክት ሊሆን ይችላልና። አንድ ጊዜ ጡረታ የወጡ ሰውዬ ቆም ብለው፣ «ልጆቼ ከዚህ ከሄዱ ዘመን የለውም፣ ስለ ምን እከፍላለሁ?» አሏቸው። እሳቸውም ስለ ትውልድና ስለ ሀገር ተስፋ አልሰበኩም። በሴፕቴምበር የሚመጣው የትምህርት ግብር ደረሰኝ ከከተማው ግብር ተለይቶ የሚላክ በመሆኑ ጭማሪው ሁሉ ከትምህርት ቤቱ የመጣ እንደሚመስል አስረዱ፤ ከዚያም ከጭማሪው ውስጥ ለጤና መድንና ለመምህራን ጡረታ መዋጮ የሚሄደውን ለይተው በዝርዝር ነገሯቸው። ሰውዬው ሳይፈርሙ ሄዱ። ጎረቤቴ ግን የሰውዬውን አድራሻ በማስታወሻቸው ያዙ፤ የማይስማማቸውን መራጭ የሚመዘግቡበት ለብቻው የሆነ ገጽ አላቸው።

ወጪን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። አንድ ዕጩ ከ500 ዶላር በላይ ካወጣ ዝርዝሩን በቃለ መሐላ አስደግፎ ማቅረብ ይጠበቅበታል። በየግቢው የሚተከሉት ሰሌዳዎች ዓመተ ምሕረት ስላልተጻፈባቸው ከጋራዥ ወጥተው አቧራቸው እየተራገፈ በየምርጫው ያገለግላሉ።

ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ወንበሩንና ዘመቻውን ለይቶ መያዝ ነው። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1986 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ዲስትሪክቱ በሕዝብ ገንዘብ ስለ በጀቱ መረጃ መስጠት እንጂ «ደግፉ» ብሎ መቀስቀስ አይችልም። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት በቦርዱ የቆየ አባል በጀቱን ከማንም በላይ ቢያውቀውም፣ ድጋፍ የሚጠይቀው በግሉ፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ ስም ነው። ጎረቤቴ በቦርዱ የኢሜይል አድራሻቸው የዘመቻ መልእክት ልከው አያውቁም፤ ተፎካካሪያቸው ግን እንዲህ ያለ ገደብ ሳይኖርበት የፈለገውን ሊናገር ይችላል። ይህ ሚዛኑን ያዛባል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ተገቢ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ነባር አባል ስሙ በመታወቁ ብቻ አስቀድሞ የሚያገኘው ጥቅም አለና።

በ2011 የወጣው የንብረት ግብር ጣሪያ ሕግ፣ ማለትም ዲስትሪክቱ ከንብረት ግብር የሚሰበስበው በየዓመቱ የሚጨምርበትን መጠን የሚገድበው ሕግ፣ ነገሩን አክብዶታል። ከጣሪያው የሚያልፍ በጀት እንዲጸድቅ 60 በመቶ ድጋፍ ያስፈልጋል። በጀቱ በሜይ ከወደቀ በጁን አንድ ጊዜ ደግሞ ለሕዝብ ሊቀርብ ይችላል፤ ያኔም ከወደቀ ዲስትሪክቱ ከንብረት ግብር የሚሰበስበውን ሳይጨምር ለመሥራት ይገደዳል። ከጣሪያው የሚያልፍ በጀት በቀረበበት ዓመት ጎረቤቴ የዘመቻቸውን ንግግር ሁሉ ስለ ቁጥሮች አደረጉት። ወዳጆቻቸው ስለ በጀቱ ዝም ብለው ስለ ልምዳቸው ብቻ እንዲያወሩ መከሯቸው፤ አልሰሙም። በጀቱ ወደቀ፤ እሳቸው በጠባብ ልዩነት አለፉ። መራጩ በአንድ ወረቀት ላይ የሁለቱን ፍርድ ለያይቶ መስጠቱ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

ሌላው ለየት ያለ ዓመት 2020 ነበር። በወረርሽኙ ምክንያት ምርጫው ወደ ጁን 9 ተዛውሮ በፖስታ ብቻ ተካሄደ፤ ፊርማ ማሰባሰብም ቀረ። የድምፅ መስጫ ወረቀት በየመራጩ ቤት ሲደርስ፣ በሌላው ዓመት ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ዝር የማይል ሰው ሁሉ መረጠ። እነማን እንደሚመጡ በስም የሚያውቁት ጎረቤቴ በዚያ ዓመት ማንን እንደሚቀሰቅሱ ግራ ገባቸው። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉም ምርጫዎች ሕዝቡን በእውነት የወከለው ያ ነበር፤ ወደ ቀድሞው አሠራር መመለሳችንን አልወደድኩትም።

ተፎካካሪ የጠፋባቸው ዓመታትም ነበሩ። ያኔ ሰሌዳም ክርክርም የለም፤ በጀቱም በቂ ጠያቂ ሳያገኝ ያልፋል። ሐበሻ ወላጆች ስለ ትምህርት ቤቱ በየቤታችን ብዙ እንማረራለን፤ በምርጫው ቀን ግን ከእኛ ወገን የማየው ጥቂት ሰው ነው። ድምፅ ለመስጠት የሚያስፈልገው የአሜሪካ ዜግነት፣ 18 ዓመት መሙላትና በዲስትሪክቱ ውስጥ ቢያንስ 30 ቀን መኖር ነው። ለዕጩነት ደግሞ የነዋሪነት ጊዜው ይለያል፤ ማንበብና መጻፍ መቻልም በሕጉ ተጽፏል። የፊርማ ቅጹ ከዲስትሪክቱ ጸሐፊ ቢሮ ይገኛል።