ከመስኮቱ ደፍ ላይ የቀረው ሃይላንድ

ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርሁ። የጥር ውርጭ በደብረ ብርሃን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ያስጨነቀኝ ግን ብርዱ አልነበረም።

ትናንት ጥር 24፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስባረ ዐጽማቸው የሚታሰብበት ዕለት ስለ ነበር፣ ገና ሳይነጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። አስቀድሼ ትምህርቱን ሰምቼ ስመለስ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። እማማ ጋቢያቸውን ደርበው ከደጃቸው ፀሐይ ይሞቃሉ። «ልጄ፣ ጠበሉን አመጣሽልኝ?» አሉኝ። ጉልበታቸው ዳገቱን እንቢ ስላላቸው፣ ባለፈው እሑድ አጥበው ያደረቁትን ትንሽ ሃይላንድ አፉን በፌስታል አስረው በእጄ ሰጥተውኝ ነበር። እኔ ግን ኪዳን እንዳያመልጠኝ ስቸኩል ከመስኮቱ ደፍ ላይ ትቼው ወጥቻለሁ። እሳቸው ደግሞ ጠበሉን በባዶ ሆዳቸው ሊጠጡ እስከዚያ ሰዓት ድረስ እህል አልቀመሱም። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ግድ የለም፣ አንቺ ቆመሽ ከጸለይሽልኝ ይበቃኛል» አሉኝ። በጸሎቴ ስማቸውን አላነሣሁም ነበር።

ከልጅነቴ ጀምሮ ንጽሕና ማለት መራቅ ይመስለኝ ነበር። ረቡዕንና ዓርብን ሽሬ አላውቅም፤ ሁዳዴን 55ቱንም ቀን እጾማለሁ፤ ሐሜት ከተጀመረበት ቤት ተነሥቼ እወጣለሁ። ይህን አላቃልለውም፤ ጾሙና ስግደቱ ባይኖር የት እንደምወድቅ አውቃለሁና። ሆኖም ሐዋርያው ያዕቆብ ንጹሕ አምልኮ ምን እንደሆነ ሲጽፍ፣ ከዓለም እድፍ ራስን መጠበቅን ብቻውን አላስቀመጠውም፤ ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና ባልቴቶችን በመከራቸው መጠየቅን ከፊቱ አስቀድሞታል። ይህን ቃል ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! የኋለኛውን ይዤ የፊተኛውን እያለፍሁት ኖሬያለሁ።

የአገራችን የቡልጋው ጻድቅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪሰበር ቆመው መጸለያቸው ትናንት ሲነገር እንባዬ መጥቶ ነበር። ነገር ግን እኚሁ አባት፣ ገድላቸው እንደሚነግረን፣ በበዓታቸው ጸንተው ከመቆማቸው በፊት እስከ ዳሞት ድረስ ወርደው ወንጌልን የሰበኩ ናቸው። ለካ ያ እግር ከመሰበሩ አስቀድሞ ስለ ሰው ብዙ መንገድ ሄዷል። እኔ ስለ መቆማቸው ሳለቅስ ስለ መሄዳቸው አስቤ አላውቅም።

ዛሬ ማለዳ ተመልሼ ሄጄ ጠበሉን ቀድቼ አመጣሁላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አማትበው ጥቂት ተጎነጩ፤ በቀረውም ጉልበታቸውን እያሹ ረዘም ያለ ምርቃት መረቁኝ። አሜን ብዬ ስወጣ ልቤ ቀለል አለኝ፤ አሁን የሚያስጨንቀኝም ይኸው መቅለሉ ነው። የሄድሁት ለእማማ ጉልበት ነው፣ ወይስ የራሴን ኅሊና ላሳርፍ?