ሁለት ማዳበሪያ ነጭ ዓሣ

ነገሩ የሆነው ነሐሴ ውስጥ፣ ዓርብ ቀን ነው። የጉማራ ወንዝ ጣና ሐይቅ የሚገባበት አፍ ላይ ለዓሣ ማስገር ቁጥጥር ወጥተን ሦስት መረብ አገኘን። ሁለቱ ባዶ ነበሩ። ሦስተኛው ግን ስንጎትተው አልነሳ አለ። ነጭ ዓሣ ጢም ብሎበታል። ሆዱን በጣት ጫን ሲያደርጉት እንቁላሉ ይፈስሳል።

መረቡ ያደረ ነው። ዓሣ ስንጥቡ ተይዞ ካደረ ደግሞ አይተርፍም። በሕይወት ያገኘናቸውን ጥቂቶች ቀስ ብለን እየፈታን ለቀቅናቸው። አንዷ እጄ ላይ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ጅራቷን መታ አድርጋ ወደ ወንዙ ሄደች። ያን ሁሉ አይታ ወደ ሐይቁ አልተመለሰችም። ይሄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የሞቱት ሁለት ማዳበሪያ ሞሉ።

ባለመረቡ ሽማግሌ የደንገል ታንኳቸው ላይ ሆነው ያዩናል። አልሸሹም።

"አባቴ፣ በዚህ ወቅት እዚህ መረብ እንደማይጣል አልተነገረዎትም?" አልኳቸው።

"ተነግሮኛል።"

"ታዲያ?"

"ልጆች አሉኝ።"

ኪሴ ውስጥ የዓሣ ሀብት አዋጁ፣ የአዋጅ ቁጥር 315/1995 ኮፒ ነበር። አወጣሁት። እሳቸው ወረቀቱን ዞር ብለው አላዩትም። ዓይናቸው ማዳበሪያዎቹ ላይ ነው።

"ለመሆኑ ይሄን ዓሣ የት ልትወስደው ነው?"

"ቢሮ።"

"ቢሮ ማን ይበላዋል?"

"አይበላም። ማስረጃ ነው።"

ትንሽ ዝም አሉ። "እኔ ብወስደው ሰው ይበላው ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "እዚሁ ብትጥለው እንኳ አሞራ ይበላዋል። አጥፍቻለሁ ልጄ፣ መረቡን ውሰድ። ዓሣውን ግን አታባክነው።"

"አይባክንም" አልኳቸው። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ቢሮ የደረስነው አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነው። ንብረት ክፍል ሞዴል 19፣ የንብረት መረከቢያው ደረሰኝ፣ ካልተቆረጠ አልረከብም አለ። ሞዴል የሚቆርጠው ልጅ ወጥቷል። እንግዲያው ለማረሚያ ቤት እንስጠው፣ ዛሬውኑ ወጥ ይሠሩበታል ብዬ ኃላፊያችን ጋ ደወልኩ። "ኤግዚቢት ነው፣ እንዳትነካው" አለኝና ስልኩ ተዘጋ። ማቀዝቀዣ የለንም። ማዳበሪያዎቹ ከመጋዘኑ ጀርባ አደሩ። ቅዳሜም እዚያው ዋሉ። እሁድ ዘበኛው ደውሎ ሽታው ግቢ አላስቀምጥ አለኝ አለ። ሰኞ ጠዋት ሁለታችን ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ማዳበሪያውን ስንገለብጠው ከዓሣው በፊት የወጣው እንቁላሉ ነው። መዳፌ ላይ ተጣብቆ ብዙ ታጠብኩ።

የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ "ሁለት ማዳበሪያ ሕገ ወጥ ዓሣ በቁጥጥር ሥር ውሏል" ተብሎ ተጻፈ። መቀበሩም ይጻፍ ብዬ ነበር። "ምን ያደርግልሃል?" ተባልኩ። የሚቆጨኝ ይሄ ነው። በዚያ ሪፖርት ሥራችን ተሳክቶ ነበር።

ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። በሳይንስ ስሙ ላቤዮባርበስ የሚባል ወገን ነው፤ ጣና ውስጥ ከ15 በላይ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም አይገኙም። በርካታዎቹ ክረምት ሲገባ ወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውሃ በጠጠር ላይ በሚፈስባቸው ትንንሽ ገባሮች ውስጥ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ሌላው ዓሣ እዚያው ሐይቁ ዳር ይራባል፣ ቶሎም ያድጋል። ነጭ ዓሣ ግን ለመውለድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ወንዝ አፍ ላይ የተጣለ መረብ የሚይዘው የዛሬውን ዓሣ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ በጥናት ታይቷል። ወንዙን ተከትለህ ከወጣህ ደግሞ ብርብራ የሚባለው ዛፍ አለ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ይበተናል። ውስጡ ያለው ሮቴኖን የሚባል መርዝ ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ትልቅ ትንሽ አይልም። ሰው ትልልቁን ለቅሞ ይሄዳል፣ ጫጩቱ እዚያው ይበሰብሳል። ይሄን ያየ ሰው ቁጥጥር አያስፈልግም ሊል አይችልም። እኔም አልልም።

በዓመቱ ነዳጁ ሐምሌ ላይ ይመደብልን ብዬ ለመንኩ። ዓሣው ከሞተ በኋላ ከመቀማት፣ ሳይገባ መረቡን ማንሳት ይሻላል። የሁለት ሳምንት ተፈቀደልን። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ያነሳነው መረብ ውስጥ ዓሣ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የተጣለውን አላየነውም።

መጀመሪያ የሄድኩት ግን ሽማግሌው ጋ ነው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ሳልጠይቃቸው "ዘንድሮ ወደ መሀል ነው የምጥለው" አሉኝ። ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ቀና አሉ።

"ያ ዓሣ ምን ሆነ?"

መዋሸት እችል ነበር። ለእስረኞች ሰጠነው ብላቸው ደስ ይላቸው ነበር።

"ቀበርነው" አልኳቸው።

መርፌውን አስቀመጡ።

"ከነእንቁላሉ?"

"አዎ አባቴ። ከነእንቁላሉ።"