በረኛው ዳኛውን ሲጠራ

ሀዋሳ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ ነበር። የበረኛው ቡድን 1 ለ 0 እየመራ 78ኛው ደቂቃ ላይ ከግቡ 21 ሜትር ያህል በሚርቅ ቦታ፣ ከበረኛው በስተግራ፣ ቅጣት ምት ተሰጠበት። በረኛው አምበልም ነው። ጥፋቱ አልተዋጠለትም። «ዳኛ! ዳኛ! ኳሷን እኮ ነው የነካው!» እያለ እስከ ትንሹ ሳጥን ጫፍ ወጣ። ሲወድቅ ሲነሳ በመዋሉ የአምበልነት ጨርቁ ከክንዱ ተንሸራቶ አንጓው ላይ ደርሷል። በቀኝ እጁ ወደ ላይ ሊመልሰው ይታገላል፤ የጓንት ጣት ወፍራም ስለሆነ ጨርቅ በቀላሉ አይዝም። ከፊቱ አራት ሰዎች ግድግዳ ለመሥራት ይጋፋሉ። ሁለቱ ወደ እሱ ዞረው «ወዴት? ወዴት?» ይሉታል። መቺው ቀና ብሎ አየ። ሁለት እርምጃ ብቻ ተንደርድሮ በውስጥ እግሩ ላካት። ኳሷ ሁለቴ ነጥራ በቀኙ ቋሚ ሥር ገባች።

ምቷ ኃይለኛ አልነበረችም። በሰከንድ 15 ሜትር የምትሄድ ኳስ 21 ሜትሩን በ1.4 ሰከንድ ትጨርሳለች። ይህ በቦታው ለቆመ በረኛ በቂ ጊዜ ነው። ግቡ ከቋሚ እስከ ቋሚ 7.32 ሜትር ስለሆነ መሀል ላይ የቆመ ሰው በአንድ በኩል የሚጠብቀው 3.66 ሜትር ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ወስዶ ቢዘረጋ ይደርስባታል። ይሄኛው ግን ከመስመሩ 5 ሜትር ያህል ወጥቶ፣ ወደ ግራው ቋሚ አዘንብሎ፣ ክብደቱን ሁሉ ወደ ዳኛው ጥሎ ነበር። ኳሷ ስትመታ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጨርቁን ከእጁ መልቀቅ ነው። ከዚያ ዞረ። ከዚያ ሮጠ። ወደ ቀኙ ቋሚ ሲወረወር ኳሷ መረቡ ውስጥ ነበረች።

ተጠባባቂ ወንበሩ በሙሉ ብድግ ብሎ «ፊሽካ አልተነፋም!» አለ። ይህ ክርክር በየሜዳው ይሰማል፣ ስለዚህ ሕጉን አጥርቶ ማወቅ ይገባል። ቅጣት ምት ለመምታት ፊሽካ የግድ አይደለም። የሚጠበቀው ዳኛው ጨዋታውን ራሱ ሲይዘው ነው፦ አጥቂው ቡድን ተከላካዮች ከኳሷ ሊርቁ የሚገባቸው 9.15 ሜትር ይከበርልኝ ካለ፣ ካርድ ከወጣ፣ የተጎዳ ከታከመ ወይም ቅያሪ ከተደረገ። ያን ጊዜ ዳኛው ፊሽካውን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ያ ምልክት ከሌለ መቺው ባሰኘው ሰዓት ይመታል። የሚከላከለው ቡድን ደግሞ ግድግዳ ልሥራ ብሎ ጊዜ የመጠየቅ መብት የለውም። ርቀቱ የተደነገገው ለመቺው ጥቅም ነው። ኳሷ ላይ ቆሞ ማዘግየትም ቢጫ ያስወጣል። በዕለቱ መቺው ርቀት አልጠየቀም፣ ዳኛውም ፊሽካውን አላሳየም። ጎሉ ንጹህ ነበር።

ጨዋታውን የወሰደው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው።

አምበሉ ዳኛውን እስከ መሀል ሜዳ ተከተለው። አንዴ ተናገረ፣ ደገመ፣ ሦስተኛው ላይ ቢጫ ካርድ ወጣበት። የ105 ሜትር ሜዳ ግማሹን ሄዶ ግማሹን በሩጫ ሲመለስ ትንፋሹ ተቆራርጧል፤ እሱ እንኳ በሁለት ደቂቃ ይረጋጋል። ካርዱ ግን እስከ መጨረሻው አብሮት ይቆያል። አማካይ ቢጫ ሲያይ ከሸርታቴ ይቆጠባል፣ ቦታውን ግን አይለውጥም። በረኛ ቢጫ ሲያይ አቋቋሙ ራሱ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተሻሻለው ሕግ፣ በረኛ ሳጥኑ ውስጥ ኳሷን ለመጫወት ሲሞክር ግልጽ የጎል ዕድል ቢያበላሽ ፍፁም ቅጣት ምት ይሰጥና ካርዱ ቢጫ ይሆናል፤ ቀድሞ ቀይ ነበር። ቢጫ ለያዘ በረኛ ግን ያ ቅለት የለም፣ ሁለት ቢጫ ቀይ ነው። አሰልጣኙ ደግሞ አምስቱንም ቅያሪ ጨርሷል። በረኛው ይህን ያውቃል፣ እግሩም ያውቃል።

88ኛው ደቂቃ ላይ ከተከላካዮቹ ጀርባ ረጅም ኳስ ተላከች። በመጀመሪያው አጋማሽ እንዲህ ያሉ ሁለት ኳሶችን ከሳጥኑ ወጥቶ አንዱን በጭንቅላቱ፣ አንዱን በግራ እግሩ አስወጥቷል። አሁን ሦስት እርምጃ ወጣ፣ ቆመ፣ አንድ እርምጃ ተመለሰ። ለበረኛ ከመውጣትም ከመቅረትም የከፋው እንዲህ መሀል መንገድ ላይ መገኘት ነው። አጥቂውን ቀርቦ ማዕዘኑን አላጠበበበትም፣ ከአናቱ በላይ ለምትጣል ኳስ ደግሞ ከመስመሩ ርቋል። አጥቂው አንዴ አበረዳትና በላዩ ላይ ጣላት። 2 ለ 1 አለቀ።

ይህ ፍርሃት ከምንም ተነስቶ የመጣ አይደለም፤ ዋሊያዎቹን የሚከታተል ሁሉ ያስታውሰዋል። ጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ካደረገቻቸው ሦስት ጨዋታዎች በሁለቱ በረኛዋን በቀይ ካርድ አጥታለች፦ ከዛምቢያ ጋር ጀማል ጣሰውን በመጀመሪያው አጋማሽ፣ ከናይጄሪያ ጋር ሲሳይ ባንጫን በጨዋታው ማብቂያ ላይ። በመጀመሪያው ዘሪሁን ታደለ ተቀይሮ ገብቶ፣ ቡድኑ በአሥር ሰው 1 ለ 1 ወጣ። በሁለተኛው ቅያሪ ስላለቀ ጓንቱን ያጠለቀው አማካዩ አዲስ ህንጻ ነበር። ያንን ያየ በረኛ ቢጫ ይዞ፣ ቅያሪም አልቆ ሲወጣ ቢያመነታ አይፈረድበትም። ሊጠየቅ የሚገባው ቢጫው እንዴት መጣ የሚለው ነው።

ከጨዋታው በኋላ «በረኛ አምበል መሆን የለበትም» የሚል አስተያየት በረከተ። አልስማማም። የዓለም ዋንጫን በአምበልነት ያነሱ አራት በረኞች አሉ፦ ጂያንፒዬሮ ኮምቢ እ.ኤ.አ. በ1934፣ ዲኖ ዞፍ እ.ኤ.አ. በ1982 በ40 ዓመቱ፣ ኢከር ካሲያስ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሁጎ ሎሪስ እ.ኤ.አ. በ2018። የደቡብ አፍሪካው አምበል ሮንዌን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በአፍሪካ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ከኬፕ ቨርዴ ጋር በተደረገው የመለያ ምት አራት ኳሶችን አድኗል። ከሁሉም ለዚህ ነገር የሚቀርበው የሎሪስ ነው። በፍጻሜው ፈረንሳይ ክሮኤሺያን 4 ለ 1 እየመራች 69ኛው ደቂቃ ላይ ወደ ኋላ የተመለሰለትን ኳስ በእግሩ ይዞ የክሮኤሺያውን አጥቂ ማንጁኪችን ላልፍ ሲል ጎል ተቆጠረበት። ከዚያ በኋላ ሌላ ጎል ሳይገባበት 4 ለ 2 ጨርሶ ዋንጫውን ተቀበለ። የእኛው አምበል ከመጀመሪያው ጎል በኋላ ያሉትን 12 ደቂቃዎች ሌላ ቦታ ላይ ነው ያሳለፋቸው።

በረኛ ሜዳውን በሙሉ ከፊቱ አድርጎ የሚያይ ተጫዋች ስለሆነ ለአምበልነት የሚሰጠው ብዙ ነገር አለው። ተከላካዩ ጀርባው ላይ ያለውን ሰው አያይም፣ በረኛው ግን ያያል። «ሰው መጣብህ!»፣ «ጊዜ አለህ!»፣ «ግራህን ዝጋ!» ለማለት ከግቡ መውጣት አያስፈልገውም። ከግቡ የሚያስወጣው ዳኛ ማነጋገር፣ ጠብ መገላገል፣ ሌላኛው ሳጥን አካባቢ ለሆነ ነገር መሟገት ነው። እነዚህን ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል፤ ሕጉም ወደዚያው እየሄደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025/26 የጨዋታ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ፣ አንድ ውድድር ዳኛውን አምበል ብቻ ያነጋግር የሚለውን መመሪያ ከተገበረ፣ አምበሉ በረኛ የሆነበት ቡድን በእሱ ፋንታ ዳኛውን የሚቀርብ የሜዳ ተጫዋች አስቀድሞ ያስመዘግባል። ኳስ በእጅ ይዞ ሰው ማደራጀትም እንደ ድሮው አይደለም፤ በዚሁ ሕግ 8 ሰከንድ ካለፈ ለተጋጣሚ የማዕዘን ምት ይሰጣል፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች ዳኛው እጁን ከፍ አድርጎ በጣቱ ይቆጥራል።

በሦስተኛው ቀን የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኙ አምበሉን ከቡድኑ ቀደም አድርጎ ወደ ልምምድ ሜዳ ጠራው።

«ጨርቁን አውልቅ የሚልህ የለም» አለው። «ሥራውን ግን ለሁለት እንከፍለዋለን። ዳኛው ጋ የሚሄደው አማካዩ ነው።»

«ኮች፣ አምበል ሆኜ ዝም ካልኩ ልጆቹ ምን ይላሉ?»

«ልጆቹ ‹ወዴት?› ብለው ነው የጠየቁህ። መልስ አልሰጠሃቸውም።»

ልምምዱ የተደረገው ሆን ተብሎ ከሰዓት በኋላ፣ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሳ ነው። ነፋስ ሲኖር የበረኛ ድምፅ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ይበተናል፤ በጨዋታ ጊዜ ደግሞ የደጋፊው ከበሮና ጭፈራ አለ። ስለዚህ የሰው ብዛት በጣት ይነገራል፦ ከ18 እስከ 22 ሜትር ፊት ለፊት ከሆነ አራት ወይም አምስት፣ ወደ ጎን ዘንበል ሲል ሦስት፣ ጠርዝ ላይ አንድ ወይም ሁለት። ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ እንደሚቆም መልበሻ ክፍል ውስጥ ተነግሮ ያልቃል። አንደኛው ረጅሙ ነው፣ በቅርቡ ቋሚ በኩል ውጨኛው ላይ ይቆማል፤ ከኳሷ ወደ ቋሚው በሐሳብ የሚሰመረው መስመር ሰውነቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ግማሽ ሰውነቱ ከመስመሩ ውጪ ካልወጣ ጥምዝ ኳስ በትከሻው ዙሪያ ታልፋለች። በጣም ከወጣ ደግሞ የግድግዳው ሌላኛው ጫፍ ይሳሳል።

ዋናው ለውጥ ግን ቅደም ተከተሉ ላይ ነበር። በረኞች ቅጣት ምት ሲሰጥ ወዲያው ቋሚው ጋ ሮጠው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳ ያስተካክላሉ። ከልጅነት ጀምሮ የለመዱት ነው፣ ጥሩ ልምድም ይመስላል። ሦስትና አራት ሰከንድ ቋሚ ላይ መቆም ማለት ግን ለፈጣን መቺ ሰባት ሜትር ባዶ ግብ መስጠት ነው። አዲሱ ደንብ ይህ ሆነ፦ ዳኛው ፊሽካውን እስኪያሳይ ድረስ በረኛው ከመሀል አይነቃነቅም። ከመስመሩ አንድ ሜትር ፈቀቅ ብሎ፣ ዓይኑን ኳሷ ላይ አድርጎ፣ ጣቱን ያሳያል። ፊሽካው ከታየ በኋላ ብቻ ቋሚው ጋ ሄዶ አሰላለፉን ያርማል።

24 ቅጣት ምቶች ተመቱ፤ ግማሾቹ በፊሽካ፣ ግማሾቹ ድንገት፣ የትኛው እንደሆነ ለማንም ሳይነገር። በመጀመሪያዎቹ ላይ ሌላ ችግር ታየ፦ ግድግዳ የሚሠሩት አራቱም በአንድ ጊዜ ወደ በረኛው ይዞራሉ፣ ኳሷን የሚያይ ሰው አይኖርም። ሁለት ኳሶች ገና ወደ ኳሷ ባልተመለሱ እግሮች መሀል አለፉ። ከዚያ በኋላ ወደ በረኛው የሚዞረው አንደኛው ብቻ ሆነ፤ ሁለተኛው ዓይኑን ከኳሷ አይነቅልም፣ በክርኑ ጓደኛውን እየነካ ይከተለዋል። ሦስት ሰውና ከዚያ በላይ ላለው ግድግዳ አጥቂዎች ቢያንስ አንድ ሜትር እንዲርቁ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ስለተደነገገ ከውስጥ የሚገፋ የለም፤ አራቱ እርስ በርሳቸው ካልተጋፉ በሁለት ሰከንድ ይቆማሉ።

ስለ ጨርቁም ተነጋገሩ። ከክርኑ በላይ፣ እጅጌው ላይ፣ ከማሟሟቂያ በፊት ይታሰራል፤ ታችኛው ጠርዙ በፕላስተር አንድ ዙር ይጠመጠማል። ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ጨዋታ መሀል እጅን ሥራ የሚያስፈታ ነገር በረኛ ላይ መኖር የለበትም።

ሊጉ ክለቦችን በአንድ ከተማ ሰብስቦ ያጫውት ስለነበር ከአሥር ቀን በኋላ ቡድኑ እዚያው ስታዲየም ነበር፤ ሣሩ ትንሹ ሳጥን ውስጥ ይበልጥ ተላጭቷል። 64ኛው ደቂቃ ላይ፣ 0 ለ 0 እያለ፣ በዚያው ግብ ፊት ከ20 ሜትር ቅጣት ምት ተሰጠ፣ በዚህኛው ከበረኛው በስተቀኝ። ይህም ጥፋት አወዛጋቢ ነበር። አምበሉ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። አራት ጣት አሳየ። አማካዩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከዳኛው ጋር ያወራል። መቺው ርቀት ጠየቀ፣ ዳኛው ፊሽካውን አሳየ፤ በረኛው ያን ጊዜ ቋሚው ጋ ሄዶ አንደኛውን ግማሽ እርምጃ ወደ ውጪ ገፋውና ተመለሰ። ኳሷ የሁለተኛውን ጭን መትታ ወደ ማዕዘን ወጣች።

ከማዕዘን ምቱ ጎል ተቆጠረ፤ በረኛው «የኔ!» ብሎ ወጥቶ ነበር፣ አንድ ሰው ዘጋበት። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። አማካዩ ዳኛውን ምን ሲለው እንደነበር አምበሉ የሰማው ማታ ሆቴል እራት ላይ ነው።