ከ112 ኪሎ ተነሥቶ ግማሽ ማራቶን መጨረስ፦ የደብረ ብርሃን ልምምዴ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስለ ሩጫ የሚመክር ሰው አይታጣም። አበበ ቢቂላ የተወለደው በዚሁ በሸዋ ምድር፣ ጃቶ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ሴቪያ ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ጌጤ ዋሚም የጫጫ ልጅ ናት፤ ማለዳ ከቤቱ የወጣ ሰው ደግሞ ቱታ የለበሱ ቀጫጭን ወጣቶች በቡድን ሆነው ሲያልፉ ማየቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ለእነዚህ ወጣቶች የሚሆን ነው። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሒሳብ የሚሠራ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ74፣ ክብደቱ 112 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ከየት ይጀምር ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አላገኘሁም ነበር። ያ ሰው እኔ ስለነበርኩ፣ ግማሽ ማራቶን ማለትም 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ሮጬ ለመጨረስ የበቃሁበትን ሁኔታ እዚህ አሰፍራለሁ። ከሁሉ በላይ ለማስረዳት የምፈልገው፣ ወፍራም ጀማሪን ከሩጫ የሚያስወጣው አብዛኛውን ጊዜ የትንፋሽ ማጠር ሳይሆን የአጥንትና የጅማት ጉዳት መሆኑን ነው።

ጫማ ከመግዛቴ በፊት ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። የደም ግፊቴና የደም ስኳሬ ተለካ፣ ልቤም በመሣሪያ ታየ። ስኳሩ ደህና ነበር፤ ግፊቱ ግን ከፍ ብሎ በመገኘቱ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ሐኪሙም መራመዱን ከዕለቱ እንድጀምር፣ ሩጫውን ግን ግፊቱ እስኪስተካከል እንዳቆየው ነገረኝ። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ራስ ማዞር ወይም የልብ ምት መዛባት ከመጣ እዚያው ቆሞ ወደ ሕክምና መሄድ እንጂ «ትንሽ ልታገሠው» ማለት እንደማይገባም አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። ክብደትን በኪሎ ግራም ወስዶ ሁለት ጊዜ በቁመት በሜትር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ከ30 በላይ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል፤ የእኔ 37 ገደማ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ሩጫ አልነበረባቸውም፤ መራመድ ብቻ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ እንደ ባከነ ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ከልምምዱ ሁሉ የላቀ ዋጋ የምሰጠው ለእሱ ነው። ሰው ሲራመድ አንዱ እግሩ ምን ጊዜም መሬት ላይ ነው። ሲሮጥ ግን ሁለቱም እግሮች ለቅጽበት ከመሬት ይለቃሉ፤ የሚያርፈው እግር የሚሸከመውም ጫና ከሰውነት ክብደት ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ይህም ማለት የእኔ እግር በእያንዳንዱ እርምጃ ከ220 ኪሎ በላይ ይቀበል ነበር ማለት ነው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለው እርምጃ ከአንድ ሺህ ይበልጣል። ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያሳያሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን የሚጠነክሩት በወራት ነው። ወፍራሙ ጀማሪ የሚጎዳው በዚህ መካከል ነው፤ ትንፋሹ ተከፍቶለት «አሁንስ ቻልኩት» በሚልበት ሰሞን እግሩ ገና አልተዘጋጀም።

መሮጥ የጀመርኩት በመብራት ምሰሶ እየለካሁ ነው። ከአንዱ ምሰሶ እስከ ቀጣዩ ዱብ ዱብ እላለሁ፣ ከዚያ ሦስት ምሰሶ እራመዳለሁ፣ እንደገና አንዱን እሮጣለሁ። ሰዓት መያዝ አላስፈለገኝም፤ ምሰሶው አይዋሽም፣ ከመንገድ ዳር ያሉ ልጆችም ቢሆኑ ምሰሶ ሳይደርስ የቆመን ሰው ዝም ብለው አያልፉትም። ከክለብ ሯጮቹ አንዱ፣ ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ አንድ ማለዳ አጠገቤ መጥቶ ጥቂት አብሮኝ ከሮጠ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆች ስንት ናቸው?» እያለ ጥያቄ ያዥጎደጉድብኝ ጀመር። መልስ ለመስጠት ትንፋሽ አጠረኝ። «እንግዲያው ፈጥነዋል ማለት ነው፤ እያወሩ መሮጥ እስከሚችሉበት ድረስ ይቀንሱ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መለኪያዬ ይኸው ሆነ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳላቋርጥ መናገር ካቃተኝ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። በዚህ መለኪያ ስሄድ ከአንድ ፈጣን እግረኛ ብዙም አልቀድምም ነበር፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ወደ ገበያ እህል የጫነች አህያ ከነነጂዋ አልፋኝ ሄዳለች።

ይህን ዝግታ የግድ የሚያደርገው አንዱ ነገር የቦታው ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ ማንኛውም ቦታ 21 በመቶ ያህል ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ስለሚያንስ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። እዚህ የተወለደ ሰው ለዕለት ኑሮው አይታወቀውም፤ ሩጫ ሲጀምር ግን ይታወቀዋል። ስለዚህ በቆላ ወይም በባሕር ዳርቻ አገር ለሚኖር ጀማሪ የተጻፈ የፍጥነት ሠንጠረዥ ለደብረ ብርሃን ሰው አይሆንም። እኔም የሳምንቱን ርቀት ከአንድ አሥረኛ በላይ ላለመጨመር፣ በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ ጭራሽ ለመቀነስ ወሰንኩ። እንዲህም ሆኖ የቅልጥሜ የውስጥ ጠርዝ መታመሙ አልቀረም። ያ የክለቡ ልጅ ይህንንም አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ አጥንቱን በጣት ስጫነው ሰፋ ባለ ቦታ ላይ የሚያም ከሆነ ማሳረፍ እንደሚበቃ፣ አንዲት ነጥብ ላይ ለይቶ የሚወጋ ከሆነ ግን አጥንት ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት እንዳለበት ከእሱ ተማርኩ። የእኔ የመጀመሪያው ዓይነት ስለነበር ሩጫውን ትቼ በመራመድ ቆየሁ፤ የባቴን ጡንቻ ለማጠንከርም ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ባለው ደረጃ ጠርዝ ቆሜ ተረከዜን ከፍ ዝቅ አደርግ ነበር። ቤተሰቤ መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ ለመዱት።

ስለ ጫማ ሲነሣ በእኛ አገር የማይቀር ወግ አለ። «አበበ በባዶ እግሩ አይደል ወይ ያሸነፈው?» ይባላል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ የወርቅ ሜዳሊያ ወስዷል፤ ነገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ጫማ አድርጎ ነው፤ እግሩም ከልጅነቱ ጀምሮ መሬቱን የለመደ ነበር። ዕድሜውን ሁሉ በቆዳ ጫማ ወደ ቢሮ የተመላለሰ ከባድ ሰው ይህን ቢሞክር ከሳምንት አይዘልቅም። ከሰልቫጅ የሚገዛ የመሮጫ ጫማ ዋጋው ቢማርክም፣ ሶሉ በሌላ ሰው አረማመድ የተበላና ስፖንጁ የሞተ መሆን አለመሆኑን መመርመር ያስፈልጋል፤ ሶሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ተመልሶ የማይነሣ ከሆነ ለ112 ኪሎ አይሆንም። ሰው ለመናገር ከሚያፍርባቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ የጭን መፋተግ ነው። ጥጥ ቁምጣ ላብ ሲጠጣ ቆዳን ይልጣል፤ ጠበቅ ያለና ላብ የማይዝ ሱሪ ከውስጥ መልበስ፣ ጭንንና ብብትን ቫዝሊን መቀባት ከየትኛውም የሥልጠና ምክር እኩል ጠቅሞኛል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ውርጭ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ቀዝቃዛውና ደረቁ አየር ጉሮሮን ይፍቃል። ቤት ውስጥ እስኪሞቀኝ አፍታትቼ እወጣለሁ፤ ጓንት አደርጋለሁ፤ አፍና አፍንጫዬን በነጠላ ስካርፍ እሸፍናለሁ፤ ላብ ሲመጣ የማወልቀውን ልብስ ከላይ እደርባለሁ። ከከተማ ወጣ ሲባል ደግሞ የእረኛ ውሾች አሉ። ውሻ የሚያባርረው የሚሮጠውን ነው፤ ስለዚህ መቆም፣ ፊትን ወደ ውሻው ማዞርና ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ማለት ይበቃል። ድንጋይ ባይኖርም የሸዋ ውሻ መጎንበሱን ያውቀዋል።

ክብደትን በተመለከተ፣ ሩጫ ብቻውን የሚቀንሰው ከሚታሰበው በታች ነው። በግምት አንድ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ ግራም አንድ ኪሎ ካሎሪ ያወጣል፤ በእኔ ክብደት 5 ኪሎ ሜትር 550 ያህል ማለት ነው፤ አራት ትንንሽ ጠርሙስ ቢራ ይህን ሁሉ መልሶ ይተካዋል። ስለዚህ ከሩጫው ይልቅ የረዳኝ ማዕዱን ማስተካከሌ ነው፦ የማታውን እንጀራ በግማሽ መቀነስ፣ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት፣ ቅዳሜ ከጓደኛ ጋር የሚኬድበትን ክትፎና ቢራ ማራራቅ። በሶና ቆሎ ግን አልተውኩም፤ ከረጅም ሩጫ በፊት አንድ ብርጭቆ በሶ በጥብጦ ከመጠጣት የሚሻል ነገር አላገኘሁም። ጾም የሚያስቸግር መስሎኝ ነበር፤ በተግባር ግን አጭሩን ሩጫ በማለዳ፣ ረጅሙን ቅዳሜ ሳደርገው ተስተካከለ፤ ቅዳሜና እሑድ በዐቢይ ጾምም ቢሆን እስከ ከሰዓት ከምግብ መከልከል ስለሌለ ከሩጫው በኋላ ወዲያው ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ መብላት ይቻላል።

ከውጭ የመጣው ፈተና ግን የሰው አስተያየት ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው ሲወፍር «ተመችቶሃል» ይባላል፤ ሲከሳ ታሟል ተብሎ ይታዘንለታል። አሥር ኪሎ ያህል እንደቀነስኩ አንዲት የሠፈራችን እናት መንገድ ላይ አስቁመው ፊቴን ትክ ብለው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ምን ነካህ? ደብቀህ አትሙት እንጂ፣ ጠበል እንሂድ» አሉኝ። የደም ግፊት መድኃኒቴን ሐኪሙ እየቀነሰልኝ መሆኑን ባስረዳቸውም አላመኑኝም፤ በሳምንቱ ቅቤ ልከውልኝ አገኘሁ።

መጀመሪያ የገባሁበት ውድድር እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው የአዲስ አበባው ታላቁ ሩጫ ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር፣ በኅዳር። ስለእሱ ብዙ አልጽፍም፤ ሕዝቡ ባሕር ነው፣ ግማሹ ይጨፍራል፣ ዳገት ላይ ሁሉም ይራመዳል፣ ወፍራም ሰውን ለይቶ የሚያይ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደር ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ አያገኝም። እውነተኛው ሥራ ከእሱ በኋላ ለሐዋሳው ግማሽ ማራቶን ያደረግሁት ዝግጅት ነው።

ለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ረጅሙን ሩጫ አደርግ ነበር። መንገዱ ከከተማው ወጥቶ በገብስና በባቄላ ማሳ መካከል ያልፋል፤ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ይመጣል፤ መልሱ በጀርባ ስለሚሆን ድካሙን ይክሳል። 9 ደቂቃ ሮጬ 1 ደቂቃ እየተራመድኩ ከ8 ኪሎ ሜትር ተነሥቼ ቀስ በቀስ እስከ 18 አደረስኩት። ከዚያ በላይ ማለፍ አላስፈለገኝም፤ የቀረውን ውድድሩ ራሱ እንደሚያስጨርስ የክለቡ ልጆች ነግረውኛል፣ ልክም ነበሩ። አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ውኃ ብቻውን ስለማይበቃ ጥቂት ጨውና ስኳር ጨምሬበት፣ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት እጎነጭ ነበር።

ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመጀመሪያዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች ሳንባዬ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ ምንም ያህል ብፈጥን ትንፋሽ አላጠረኝም። ይሁን እንጂ ለውርጭ የተዘጋጀ ሰውነት ሙቀቱን አያውቀውም፤ ፀሐይዋ ከፍ ስትል የልብ ምቴ ፍጥነቴ ሳይጨምር ጨመረ፤ ስለዚህ የያዝኩትን የመነጋገር መለኪያ መልሼ አጠበቅሁት፤ አጠገቤ ይሮጡ ከነበሩ አንድ ጡረተኛ አባት ጋርም ስለ እህል ዋጋ እያወራን ሄድን። በየውኃ ጣቢያው ግማሹን ጠጥቼ ግማሹን አናቴ ላይ አፈሰስኩ። ከ17ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለት ደቂቃ ሮጬ አንድ ደቂቃ ተራመድኩ፤ አባትየው ጥለውኝ ሄዱ። በ94 ኪሎ ክብደት፣ በ2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ጨረስኩ።

በማግሥቱ ደረጃ የምወርደው በጀርባዬ ነበር። በሙቀት ያበጠው እግሬ ጫማው ውስጥ ተጨናንቆ ስለነበር የሁለቱ አውራ ጣቶች ጥፍሮች ጠቁረው ኋላ ወለቁ፤ አዲሱን ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ እግሬ አበጥ ባለበት ሰዓት ለክቼ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጌ ገዛሁ። ከውድድሩ በኋላ ሩጫ እንደገና የጀመርኩት ለሁለት ሳምንት ያህል ስራመድ ከቆየሁ በኋላ ነው፤ እሱንም ከምሰሶ ወደ ምሰሶ።