የጭቃ ቤት የሚወድቀው ከእግሩ ነው

አዲስ አበባ ላይ ክረምት ሲቃረብ ሁሉም ቀና ብሎ ጣራውን ያያል። የሚያፈስ ቆርቆሮ ግን እንቅልፍ ይነሳል እንጂ ቶሎ ቤት አይጥልም። ቤት የሚጥለው የቋሚው እግር ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ተወርሰው የቀበሌ ቤት ከሆኑት ብዙዎቹ በባህር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ ጭቃ በጭድ ተመርጎ የተሠሩ ናቸው፤ ቋሚው የተተከለው በቀጥታ አፈር ውስጥ ነው። እንጨቱ ቀድሞ የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር በሚገናኙበት፣ ልክ ከመሬቱ ገጽ ላይ ነው።

ከግድግዳው ግርጌ ምርጊቱን አንድ ስንዝር ያህል ፈንቅሉና ቋሚውን በካቻቢቴ ውጉት። ጤነኛ እንጨት ከጫፉ በላይ አያስገባም። ያለ ትግል ከሰመጠና ሲወጣ እርጥብ ቡናማ ብናኝ ይዞ ከመጣ፣ ጣራውን የተሸከመው ጭቃው ብቻ ነው ማለት ነው። የማዕዘኖቹንና የበሩን ግራና ቀኝ አስቀድሙ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች እንዲህ ከሆኑ፣ በዚያ ግድግዳ ሥር ሰው አይተኛ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ቤቱን ለማዳን ተብሎ የሚለሰነው ሲሚንቶ ነው። ጭቃ የሳበውን እርጥበት መልሶ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል። ግድግዳው ከውጭ አምሮ፣ ከውስጥ ቋሚው ይበሰብሳል። የኮብልስቶን መንገድ ከቤቱ ወለል ከፍ ብሎ ሲሠራ ደግሞ ጎርፉ ወደ ግርጌው ይዞራል። ቦይ መቅደድና አሸንዳ መግጠም ከልስን በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

ቋሚ ሲቀየር መጀመሪያ ጣራው በድጋፍ እንጨት ይያዝ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እንጂ ሁለት አጎራባች ቋሚ በአንድ ጊዜ አይነቀልም። አዲሱ እግር ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ላይ ቢያርፍ ብስባሴውም ምስጡም ይዘገያል።

የቀበሌ ቤት ከሆነ ግን ከመንካታችሁ በፊት ለወረዳው በጽሑፍ አመልክቱ። ባለሙያ መጥቶ እንዲያይና አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ጠይቁ፤ ቀንና የደብዳቤ ቁጥር ያለበትን ቅጂ፣ የስንጥቁንም ፎቶ አስቀሩ። «ለመኖሪያ አደገኛ ነው» ተብሎ ሰው ውጣ ሲባል፣ የት እንደሚገባ አብሮ ሊነገረው ይገባል። ምትክ ቤት ለመጠየቅ የኪራይ ውሉ፣ የቤት ቁጥሩና ደረሰኞቹ ያስፈልጋሉ፤ ግድግዳው ሥር ባለ ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ዘመድ ቤት ይቀመጡ።