ቡና ለመትከል ከብሳና ጀመርኩ

ጅማ አካባቢ ያለው ማሳችን ለዓመታት በቆሎ ሲዘራበት ኖሮ አፈሩ ተጎሳቁሏል። ቡና ላለብሰው አሰብኩ። ቡና ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። ብዙ ሰው «ባህር ዛፍ ትከል፣ ቶሎ ይደርሳል» ይለኝ ነበር። ባህር ዛፍ ገንዘብ ያመጣል፤ ከሥሩ ግን ቡና አይሆንም። እኔ የመረጥኩት ብሳናን ነው፤ በኦሮምኛ በካኒሳ የሚባለውን።

ይህን ያስተማረኝ ጫካው ነው። በደቡብ ምዕራብ ደኖች ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ ወይም እርሻ ጦም ሲያድር፣ ፀሐይ ያገኘው ቦታ ላይ ቀድመው ብቅ ከሚሉት አንዱ ብሳና ነው። የተራቆተ መሬት አያስፈራውም። ሲመቸው እስከ 25 ሜትር ያድጋል።

ዘሩን የሰበሰብኩት ከዛፉ ላይ ነው። ፍሬው ሲበስል ግራጫ ይሆንና ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል። ስለዚህ ሊፈነዳ ሲል ለቅሜ፣ ጆንያ ላይ አስጥቼ፣ በጨርቅ ሸፈንኩት። ዘሩን ሳላቆይ መደብ ላይ ዘራሁ። ከአጥር ሥር በራሱ የበቀለውንም ከነአፈሩ እየነቀልኩ ጨመርኩበት። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ችግኙ ወደ ማሳው ወጣ። ከብት ቅጠሉን ስለማይወደው እንደ ሌላ ችግኝ አጥር በአጥር መሆን አላስፈለገኝም። ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከሁሉ የወደድኩለት ቅጠሉን ነው። ሰፊ፣ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ሊረግፍ ሲል ብርቱካንማ የሚሆን። መሬት ላይ ሲወድቅ ቶሎ ይበሰብሳል። ደረቅ የነበረው አፈር ጠቆረ፣ ለሰለሰ። ወፎች መጥተው ሲያርፉበትም እኔ ያልተከልኳቸው ችግኞች ከሥሩ ይበቅሉ ጀመር።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ብሳና በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ቡናው ጥላ በጣም በሚፈልግበት ሰዓት ማለት ነው። ለዚህ ነው መሀል መሀሉ ላይ ሰሳና ዋንዛ የጨመርኩት። የሰሳ ቅጠል ደቃቅ ስለሆነ ብርሃኑን አጣርቶ ያሳልፋል፤ ለአፈሩም ናይትሮጅን ይሰጣል። እነሱ እስኪደርሱ ብሳናው ቀድሞ ጥላ ይሆናል። ጥቅጥቅ ሲል ቅርንጫፉን መመልመል ነው፤ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ስትመለምሉ ፈሳሹ ዓይን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። በአገራችን ፈሳሹን ቋቁቻ ላይ ይቀቡታል፤ ፍሬው ግን መርዛማ ነውና ልጆች እንዳይቀምሱት አደራ።

እንጨቱን ለቤት ማገር አልመክርም፤ ነቀዝ ይበላዋል። ለማገዶና ለመሣሪያ እጀታ ይሆናል። ንብ ላለው ሰው ደግሞ አበባው ሀብት ነው። ነጣ ያለው ረጅም አበባ ሲፈካ ዛፉ በንብ ይሞላል። እኔም ቀፎዬን ወደ ብሳናዎቹ አስጠግቼ ሰቅያለሁ።